የአሜሪካ ካምፐር ቫን በአውሮፓ ካምፒንግ መብራት፦ ትራንስፎርመር ብቻውን አይበቃም

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ፍራንክፈርት ነዋሪ ናቸው። ካይዘርስላውተርን አካባቢ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ አሜሪካዊ ወታደር ካምፐር ቫን ገዝተዋል። ቫኑ በፎርድ ኢኮኖላይን ላይ የተሠራ ነው። ኤሲ፣ ማይክሮዌቭ፣ ፍሪጅ፣ የውሃ ማሞቂያና ጄኔሬተር አለው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከባለቤታቸውና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ጣሊያንና ክሮኤሺያ ሊሄዱበት አስበዋል። አንድ ሱቅ ሄደው ሲጠይቁ፣ «3,000 ዋት ትራንስፎርመር ይግዙና መሀል ላይ ያስገቡት፣ በቃ አለቀ» ተባሉ። «እውነት አለቀ?» ይላሉ።

ጤና ይስጥልኝ። አላለቀም። እንዲያውም ከመግዛትዎ በፊት ስለጠየቁ ደስ ብሎኛል።

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልንገርዎ። የካምፒንጉ 230 ቮልት ወደ ቫኑ አሮጌ ብሬከር ሳጥን አይግባ። በትራንስፎርመር አልፎም ቢሆን አልመክርም። ለ230 ቮልቱ አዲስና ትንሽ መስመር ያሠሩለት። የዚያ መስመር ዋና ሥራ ባትሪ መሙላት ይሁን። የአሜሪካ ዕቃዎቹን መጠቀም ከፈለጉ ደግሞ ከባትሪው በ120 ቮልት ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 120 ቮልት መብራት በሚቀይር ዕቃ፣ ያስነሡዋቸው። የአውሮፓውና የአሜሪካው መብራት የሚገናኙት ባትሪው ላይ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ከያዙ የቀረው ዝርዝር ነው።

ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ብሌንደር አዲስ አበባ ላይ ተሰክቶ ሲጨስ ያላየ ወይም ያልሰማ የለም። ስለዚህ የቮልቱን ልዩነት ሁላችንም እናውቃለን። ትራንስፎርመር የሚፈታው ግን እሱን ብቻ ነው። ሁለተኛው ልዩነት ለዓይን አይታይም። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የአውሮፓው 50 ጊዜ። ይህ መመላለስ የሚለካው በሄርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን በግማሽ ያወርደዋል፣ ሄርዙን ግን አይነካውም። 50 ሆኖ የገባው 50 ሆኖ ይወጣል።

ለላፕቶፕና ለስልክ ቻርጀር ይህ ምንም ማለት አይደለም። ጀርባቸው ላይ «100–240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ» የሚል ጽሑፍ ያገኛሉ። እንደ ማሞቂያ ያለ፣ በሙቀት ብቻ የሚሠራ ዕቃም ግድ የለውም። ችግሩ ሞተርና በብረት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ያለበት ዕቃ ላይ ነው። ለ60 ሄርዝ የተሠራ የኤሲ ኮምፕረሰር በ50 ሄርዝ ፍጥነቱ ወደ 83 በመቶ ይወርዳል። ማቀዝቀዙ ይቀንሳል። ከዚያ የባሰው ግን ሙቀቱ ነው። የሞተሩ ብረት ማግኔቱን መሸከም ያቅተዋል፣ ትርፍ አምፔር ይስባል፣ ይግላል። አሮጌ ማይክሮዌቭ ውስጥ ያለው ከባድ ትራንስፎርመርም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ቀን አይቃጠሉም። ነሐሴ ላይ፣ 38 ዲግሪ በሆነ ከሰዓት፣ ሰዓታት ከሠሩ በኋላ ነው ነገር የሚመጣው።

አሁን ከልብ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልለፍ።

ሱቅ ውስጥ በርካሽ ከሚሸጡት ትራንስፎርመሮች ብዙዎቹ አውቶትራንስፎርመር የሚባሉት ናቸው። ውስጣቸው አንድ ጥቅል ሽቦ ብቻ አለ። 230 ቮልቱ ጫፍና ጫፉ ላይ ይገባል፤ 115 ቮልቱ ከመሀሉ ይወጣል። ከሁለቱ ጫፎች አንዱ ለመግቢያውም ለመውጫውም የጋራ ነው። ይህ የጋራ ሽቦ ኒውትራል በሚባለው፣ ቮልት በሌለበት የመመለሻ ሽቦ ላይ ከዋለ ነገሩ ሰላም ነው። የቫንዎ ነጭ ሽቦ ከግራውንድ (ከመሬት መስመር) አንጻር ዜሮ፣ ጥቁሩ 115 ቮልት ይሆናል።

አውሮፓ ላይ ግን ፌዝ (ቮልቱን የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራል በየካምፒንጉ ይገለባበጣሉ። ጣሊያን፣ ስፔን፣ ፈረንሳይ ላይ በብዛት ያጋጥማል። እዚህ ጀርመንም በቤት ሶኬት አዳፕተር ከተሰካ በየትኛው ጎን እንደገባ ዕድል ይወስነዋል። ሲገለበጥ ያ የጋራ ሽቦ ፌዝ ላይ ይውላል። ያኔ ነጩ ሽቦ ከግራውንድ አንጻር 230 ቮልት፣ ጥቁሩ 115 ቮልት ይሸከማሉ። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ያው 115 ስለሆነ መብራቱ ይበራል፣ ቲቪው ይሠራል፣ መልቲሜትር በሁለቱ መሀል ቢያስገቡ 115 ያሳይዎታል። ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። አንድ ሰው ሊጠግን ፈልጎ ብሬከሩን ያወርዳል። የአሜሪካ ብሬከር የሚቆርጠው ጥቁሩን ብቻ ነው። ነጩ ላይ 230 ቮልቱ እንዳለ ቁጭ ብሏል።

ልጆች የሚተኙበት ቫን ውስጥ ይህን መፍቀድ አልችልም።

መግቢያና መውጫው የተለያየ ጥቅል ሽቦ ያለው፣ ማለትም መነጠያ ትራንስፎርመር የሚባለውስ? እሱ ይህን አደጋ ያስቀራል። ከመውጫው ሽቦዎች አንዱ ከቫኑ ግራውንድ ጋር በሥርዓት መታሰር አለበት፤ ካልታሰረ የመከላከያ ብሬከሮቹ ሥራቸውን አይሠሩም። ግን 3,000 ዋት የሚችለው ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሲበራ በቅጽበት ብዙ አምፔር ስለሚስብ ደካማ የካምፒንግ ብሬከርን ይጥላል። ሄርዙም ያው 50 ነው። ገንዘብዎን ለዚያ ባያወጡ እመርጣለሁ።

እንግዲህ ምን ይሠራ? መጀመሪያ አሮጌው የመብራት ገመድ ይውጣ። እንዲህ ባሉ ቫኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 30 አምፔር፣ ሦስት እግር የአሜሪካ ፕላግ ያለበት ወፍራም ጥቁር ገመድ ነው። ከእሱ ወደ አውሮፓው ሰማያዊ ፕላግ የሚያሻግር አዳፕተር ይሸጣል፣ በቤትም የሚሠራ አለ። አይግዙ፣ አያሠሩ። ገመዱ ቦታው ላይ ካለ አንድ ቀን አንድ ደግ ሰው ሊረዳዎት ብሎ ይሰካዋል። 230 ቮልት በቀጥታ ይገባል። ለምሳሌ 1,440 ዋት የሆነ የ120 ቮልት ውሃ ማሞቂያ 230 ቮልት ሲገባበት ወደ 5,300 ዋት ለመሳብ ይሞክራል። ቮልቱ በእጥፍ ገደማ ሲያድግ ጉልበቱ በአራት እጥፍ ገደማ ስለሚያድግ ነው።

በምትኩ ከቫኑ ውጪ ግድግዳ ላይ ሰማያዊው ባለ 16 አምፔር፣ ሦስት እግር የካምፒንግ መግቢያ ይተከል። ከመሬት ከ1.8 ሜትር በላይ አይሁን፤ ክዳን ያለውና ዝናብ የማያስገባ ይሁን። ከመግቢያው ጥቂት ራቅ ብሎ ውስጥ ትንሽ ሳጥን ይገጠማል። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ነገር የግድ ነው። አንዱ ኤሌክትሪክ ወደ ሰውነት ወይም ወደ ቆርቆሮ ሲያመልጥ የሚቆርጠው፣ እዚህ ጀርመን ኤፍኢ የሚሉት ባለ 30 ሚሊ አምፔር መከላከያ ነው፤ «ኤ» የተባለው ዓይነት ይሁን። ሌላው ፌዙንም ኒውትራሉንም አንድ ላይ የሚቆርጥ ባለ ሁለት እግር ብሬከር ነው። ሁለቱን በአንድ አካል የያዘም ይሸጣል። ፌዝና ኒውትራል ቢገለባበጡም ብሬከሩ ሲወርድ ሁለቱም ይቆረጣሉ። ከላይ የነገርኩዎት አደጋ እዚህ ላይ ያበቃል።

የአሜሪካውን ብሬከር ሳጥን ለ230 ቮልት ልጠቀምበት ብለው አያስቡ። ብሬከሮቹ ላይ «120/240» ተጽፎ ያያሉ። 240 ስላለ ይችላል ብሎ የሚከራከር ኤሌክትሪሺያን ገጥሞኛል። ጽሑፉ የሚለው ግን ሌላ ነው። በሁለት ፌዞች መሀል 240 ይሁን፣ ከእያንዳንዱ ፌዝ እስከ ግራውንድ ግን 120 ነው ማለት ነው። በአውሮፓ ከአንዱ ሽቦ እስከ ግራውንድ ሙሉ 230 አለ። ሶኬቶቹም የ125 ቮልት ናቸው።

ሽቦውም ለብቻው ይሁን። የአሜሪካ ቫኖች ውስጥ የቤት ሽቦ፣ ማለትም ባለ አንድ ድፍን መዳብ፣ ተዘርግቶ ማግኘት የተለመደ ነው። የአውሮፓ የካራቫን ደንብ ባለ ብዙ ክር ሽቦ ይፈልጋል። መኪና ይንቀጠቀጣል፤ ድፍን ሽቦ ደግሞ መታሰሪያው ላይ ይላላል። ለአዲሱ መስመር 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ተጣጣፊ ሽቦ ያድርጉ። የቫኑ ቆርቆሮ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ከአዲሱ ሳጥን ግራውንድ ጋር ይታሰር። የ120 ቮልቱ ግራውንድም ከዚያው ጋር አንድ ይሁን። ግራውንድ ሁሉ አንድ፣ ኒውትራል ግን በፍጹም የማይገናኝ።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ጎበዝ ባለሙያንም ያሳስታል። በአሜሪካ 120 ቮልት ላይ ጥቁር ፌዝ፣ ነጭ ኒውትራል፣ አረንጓዴ ወይም ያልተሸፈነ መዳብ ግራውንድ ነው። በዚያው ቫን ውስጥ በ12 ቮልቱ መስመር ላይ ግን ጥቁር ፖዘቲቭ፣ ነጭ ኔጋቲቭ ሆኖ ይገኛል። በመኪና ሥራ ለጥቁር ኔጋቲቭ የለመደ ሰው ባትሪውን ገልብጦ ያስርልዎታል። አንዳንዱ ቫን ውስጥ ደግሞ 120ና 12 ቮልቱ በአንድ ሳጥን፣ ጎን ለጎን፣ ተመሳሳይ ቀለም ይዘው ነው የተቀመጡት። ምንም ከመቆረጡ በፊት እያንዳንዱ ሽቦ ይለካና ወረቀት ይለጠፍበት።

ከአዲሱ ሳጥን የሚነሣው የመጀመሪያው ዕቃ የ230 ቮልት ባትሪ ቻርጀር ነው። ቫኑ ውስጥ ያለው አሮጌ ኮንቨርተር 120 ቮልት ወስዶ 12 የሚሰጥ ስለሆነ ይነቀል። እዚህ ጋ ደስ የሚል ነገር አለ። የቫኑ መብራቶች፣ የውሃ ፓምፑ፣ የጋዝ ማሞቂያው ማራገቢያ፣ የፍሪጁ መቆጣጠሪያ ቦርድ ሁሉም በ12 ቮልት ነው የሚሠሩት። 12 ቮልት አሜሪካም ጣሊያንም ያው ነው። ቻርጀሩ ሲገጠም የቫኑ ኑሮ አብዛኛው ያለ ምንም ለውጥ ይነሣል። ከዚያ ለላፕቶፕና ለመሳሰለው ሁለት የአውሮፓ ሶኬት ካከሉ የዕለት ጉዳይዎ ተሟላ።

ማይክሮዌቩን ከወደዱት የ120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ኢንቨርተር ከባትሪው ያስሩለት። ንጹህ ሳይን፣ ማለትም እንደ ቤት መብራት ለስላሳ ሞገድ የሚሰጥ፣ 2,000 ዋት ይሁን። ይህ መንገድ ቮልቱንም ሄርዙንም አብሮ ያስተካክላል። ማይክሮዌቩ 1,500 ዋት ቢስብ ከባትሪው 140 አምፔር ገደማ ይወጣል። ያስፈራል፣ ግን ለአምስት ደቂቃ 12 አምፔር ሰዓት ብቻ ነው። ሊቲየም ባትሪ ይህን ያለ ችግር ይችላል። 100 አምፔር ሰዓት ያለው የአሲድ ባትሪ ግን ይጨነቃል። ኢንቨርተሩ ሲሠራ አንዱን መውጫውን ከግራውንድ ጋር የሚያስር፣ ለቋሚ ገጠማ የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ። ሁለቱንም ሽቦ ከግራውንድ በ60 በ60 ቮልት የሚያቆሙ ርካሽ ኢንቨርተሮች አሉ፤ እነሱን ከቫኑ ሳጥን ጋር ማሰር ኢንቨርተሩንም ሊያቃጥል ይችላል። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ ብሆን የ230 ቮልት ማይክሮዌቭ ገዝቼ አሮጌውን አወጣዋለሁ። ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ልክ ማግኘት ብቻ ነው ሥራው።

ኤሲው ግን በዚህ መንገድ አይሆንም። እሱም 1,500 ዋት ገደማ ይስባል፣ የሚሠራው ግን ሰዓታትን ነው። 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም በ40 ደቂቃ ያልቃል፤ ቻርጀሩም አይደርስበትም። ጄኔሬተሩ ጤነኛ ከሆነ 120 ቮልትና 60 ሄርዝ ራሱ ስለሚሰጥ ኤሲው በእሱ በደንብ ይሠራል። ግን ካምፒንግ ውስጥ ጄኔሬተር ማስነሣት በአብዛኛው ክልክል ነው፣ ጎረቤትም ያዝንብዎታል። በሐምሌ ጣሊያን የሚሄድ ቤተሰብ የአውሮፓ የጣሪያ ኤሲ ቢገዛ ይሻላል። ከ6 አምፔር በታች የሚሠሩ አሉ። የአሜሪካው የጣሪያ ቀዳዳ 14 ኢንች በ14 ኢንች፣ ወደ 36 ሳንቲ ሜትር ነው። ከአውሮፓዎቹ ብዙዎቹ 40 በ40 ይፈልጋሉ። ከማዘዝዎ በፊት ይለኩ።

ፍሪጁ ቀላል ነው። በጋዝም በመብራትም የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ከጀርባው እንደ እርሳስ ረዘም ያለ የማሞቂያ ዘንግ አለው። ያንን በ230 ቮልት ዘንግ መቀየር ይቻላል፤ ማብሪያው 250 ቮልት የሚችል መሆኑ ይታይ። የውሃ ማሞቂያውን በጋዝ ይጠቀሙና የመብራት በኩሉ ይነቀል።

አሁን ካምፒንጉ ጋ እንድረስ። ሰማያዊው ሶኬት 16 አምፔር ይችላል ማለት 16 ይሰጥዎታል ማለት አይደለም። ከኋላው ያለው ብሬከር ነው ወሳኙ። ክሮኤሺያ ትልልቆቹ ካምፒንጎች 10 ወይም 16 አምፔር ይሰጣሉ። ጣሊያን 6፣ አንዳንዴም 3 ብቻ የሚሰጥ ያጋጥማል። 6 አምፔር 1,380 ዋት ነው። ባለ 30 አምፔር ቻርጀር 2 አምፔር ገደማ ብቻ ስለሚወስድ በ3ቱም ያድራሉ። የቡና ነገር ግን ይታሰብበት። ጀበና የሚጣድበት የኤሌክትሪክ ምድጃ 1,500 ዋት ከሆነ በ6 አምፔር ኤሲው ጠፍቶም አይጣድም። 1,000 ዋቱን ይያዙ፣ ኤሲውን ለዚያ ግማሽ ሰዓት ያጥፉ።

የውጪው ገመድ ወፍራም ጎማ ልባስ ያለው፣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ እስከ 25 ሜትር ይሁን። በከበሮ የተጠቀለለ ከሆነ ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ይፍቱት። ከበሮው ላይ ሁለት የዋት ቁጥር ተጽፎ ያያሉ፤ ትንሹ ተጠቅልሎ ሲሠራበት ነው። ሲደርሱ መጀመሪያ ቫኑ ላይ፣ ቀጥሎ የካምፒንጉ ሶኬት ያለበት ምሰሶ ላይ ይሰኩ። ሲሄዱ በተቃራኒው፣ ከምሰሶው ይጀምሩ። ከሰኩ በኋላ የኤፍኢውን መሞከሪያ ቁልፍ ይጫኑ። ካልወረደ ይንቀሉ።

ሥራውን ጀርመን ውስጥ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው ወይም ቢያንስ ጨርሶ ይለካው። «የካራቫኑን ደንብ፣ ቪዲኢ 0100 ክፍል 721ን ያውቃሉ?» ብለው ይጠይቁት። ሲያስረክብዎ ሦስት ልኬት በወረቀት ይቀበሉ፦ ግራውንዱ ከመግቢያው እስከ ቆርቆሮው መድረሱን፣ የሽቦው ልባስ በ500 ቮልት ሲለካ ከ1 ሜጋ ኦም በላይ መሆኑን፣ ኤፍኢው በ30 ሚሊ አምፔር ከ300 ሚሊ ሰከንድ በታች መቁረጡን።

ጊዜ ካጠረብዎ ለዘንድሮ ጉዞ መግቢያውን፣ ሳጥኑን፣ ቻርጀሩንና ሁለቱን ሶኬት ብቻ ያሠሩ። የአሜሪካው 120 ቮልት ከጄኔሬተሩ በቀር ምንም አይገናኘው፤ አሮጌው ገመድ ይውጣ። ኤሲውን ለሚቀጥለው ዓመት ያቆዩት፤ ለዘንድሮ በ12 ቮልት የሚሠራ የጣሪያ ማራገቢያ ይበቃል። ፍሪጁና የውሃ ማሞቂያው በጋዝ ይሥሩ። የአሜሪካው የጋዝ ታንክ አፍ ግን ከአውሮፓው ጋር አይገጥምም፤ ጋዙን ከመሙላትዎ በፊት እሱን ለጋዝ ባለሙያ ያሳዩ።